የማማ ንዴሺ ርካሽ ሳፋሪ

«ሰማያዊ ተብሏል፣ ሰማያዊ ነው። ጨርቁ ተገዝቷል፣ ተቆርጧል፣ ያንቺም ልክ ተወስዷል። እስኪ በፈጠረሽ፣ ዝንብ ፈርታ ቀሚስ የቀየረች ሴት የት አገር ነው ያየሽው?»

ይህች ማማ ዊትነስ ናት፤ የሴቶች ማኅበራችን ሊቀመንበር። ስትናገር አገጯን ሽቅብ ትሰቅልና ቃሉን እንደ ቲማቲም አገላብጣ እያየች ነው የምታስቀምጠው፤ ደህና ደህናውን ለራሷ፣ የተጨፈለቀውን ለሌላው።

ፊት ለፊቷ ማማ ንዴሺ ቆማለች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና። ማማ ንዴሺ ዓይኗን ከጨፈነች ነገሩ ጉሮሮዋ ላይ ደርሷል ማለት ነው።

«ዝንብ አላልኩም» አለች ሳትገልጠው። «ቆላ ዝንብ ነው ያልኩት። የቤት ዝንብ እንዳይመስልሽ። ይሄ በጂንስ ሱሪ ላይ የሚነክስ ነው። የፓርክ ሰዎች ሊገድሉት ሲፈልጉ ምን እንደሚያደርጉ ታውቂያለሽ? ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ መርዝ ነክረው ዛፍ ላይ ይሰቅሉለታል። ለምን ሰማያዊ? ሲያየው አያስችለውማ። አንቺ ደግሞ ሃያ ስድስት ሴት ሰማያዊና ጥቁር አልብሰሽ፣ መኪና ላይ ጭነሽ፣ ቤቱ ድረስ ልታደርሺለት ነው።»

«ታዲያ እኛ መርዝ አልተነከርን» አለች ማማ ዊትነስ።

ሴቱ ሁሉ ሳቀ። ክርክሩ በዚህ ተዘጋ።

አሩሻ ንጋሬናሮ ሰፈር ውስጥ ሴት ከሴት ጋር ተሰብስባ ወዴትም ስትሄድ አንድ ዓይነት ጨርቅ ሳትለብስ አትነቃነቅም። ሠርግ ቢሆን አንድ ዓይነት፣ ለቅሶ ቢሆን አንድ ዓይነት፣ የፓስተሩ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ቢመረቅ አንድ ዓይነት። ቢ ዙሁራ አምና ሆስፒታል ስትተኛ ልንጠይቃት የሄድነው እንኳ ቢጫ በቢጫ ሆነን ነው፤ ነርሷ መዘምራን መስለናት «መዝሙሩ አጠር ያለ ይሁን፣ የተኛ ሰው አለ» አለችን። ስለዚህ ማማ ንዴሺ የጨርቁን ነገር ገና አፏን ሳትከፍት ነው የተሸነፈችው። ግን እሷ ሽንፈቷን ባንድ ቀን የምትጨርስ ሰው አይደለችም። ወር ሙሉ ባገኘችን ቁጥር «ሰማያዊ» እያለች ራሷን ትነቀንቅ ነበር።

ሳፋሪው ራሱ የሷ ሐሳብ ነው። ማኅበሩ በዓመት አንዴ ወጣ ብሎ ይዝናናል፤ ማማ ዊትነስ ዳሬሰላም ባሕር ዳር እንሂድ ስትል ማማ ንዴሺ ከወንበሯ ተነሳች። «ፈረንጅ እግሩ እስኪያብጥ አውሮፕላን ላይ ተኮራምቶ የሚመጣበት ነገር እኛ ደጃፍ ነው ያለው። ታራንጊሬ ፓርክ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ቁርስ በልተሽ ምሳ ሳይርብሽ ትደርሻለሽ። ለዜጋ መግቢያው የግማሽ ዶሮ ዋጋ አያወጣም። እኛ ግን አንበሳ የምናውቀው ሽልንግ ላይ ተስሎ ነው። አታፍሩም?»

አፈርን። ባሕሩ ቀረ።

ዕቅዱን የልጅ ደብተር ላይ ጻፈችው። ጣሪያው የሚከፈት የሳፋሪ መኪና የለም፤ የባባ ኦምበኒ ኮስተር አለ፣ እሁድ እሁድ መዘምራን የሚያመላልሰው። አስጎብኚ የለም፤ አስጎብኚዋ እሷ ናት። አዳር የለም፤ ደርሶ መልስ። ምሳ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቻፓቲና ሙዝ ከቤት። ትልቁ ነገር ግን ሰዓቱ ነበር፤ ከስሩ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ንጋት አስራ አንድ ሰዓት መነሳት። «አንበሳ የሚንቀሳቀሰው በጠዋት ነው» አለችን። «ከሦስት ሰዓት በኋላ አንበሳ ልይ ብሎ መሄድ የሰው ባል ሲተኛ ልይ ብሎ እንደመሄድ ነው። ምን ትጠቀሚያለሽ?»

ማንም አልተጠራጠራትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሳፋሪ ላይ ኖራ የተመለሰች ሴት ናት።

የተወለደችው ማቻሜ ነው፣ ኪሊማንጃሮ ስር፣ ሙዝ መሃል። ባሏ ሹፌር ነኝ ብሎ አገባት፤ አሩሻ ወስዷት ስታይ መኪና አጣቢ ነው። ይሁን ብላ ተቀበለችው፤ እሱንም ሌላ ሴት ወሰደችባት። ትልቋን ልጇን ንዴሺን በጀርባዋ አዝላ አንድ የሳፋሪ ድርጅት ግቢ ድስት ለማጠብ ገባች። ድስት ስታጥብ የወጥ ቤቱን ሰውዬ እጅ በዓይኗ ትሰርቅ ነበር። ሰውዬው አንድ ቀን ሰክሮ ሲቀር «እኔ እችላለሁ» አለች። በዚያው ወጥ ቤት ሆነች። ጫካ ውስጥ፣ ድንኳን ስር፣ በቆርቆሮ ሳጥን ፍም ከላይ ፍም ከታች አድርጋ ዳቦ ትጋግራለች። የዱባ ሾርባዋን የቀመሰ አንድ ጀርመናዊ እናቱ ትዝ ብላው አለቀሰ ይባላል። እንግዲህ የምትለው እሷው ናት።

አሁን የምነግራችሁን ግን ያኔ ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው አያውቀውም ነበር።

የሳፋሪ ወጥ ቤት አውሬ አያይም። ሹፌሩ እንግዶቹን ጭኖ በንጋት ውልቅ ይላል፤ ወንበሩ ለከፈለ ሰው ነው። ወጥ ቤቷ ድንኳኑ ጋ ትቀራለች። ምግቡን ከዝንጀሮ ትጠብቃለች፣ ድንች ትልጣለች፣ የመታጠቢያ ውሃ ታሞቃለች። ሲመሽ እንግዶቹ አቧራ ለብሰው፣ ዓይናቸው በርቶ ይመጣሉ። «ማማ፣ አንበሳ አየን፣ አምስት አንበሳ» ይሏታል። እሷም «በጣም ጥሩ፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ» ትላለች።

ዝሆን አይታለች፤ ውሃ ፍለጋ ድንኳኑ ድረስ ይመጣል። ጅብ መጥበሻዋን ይዞባት ሮጧል። ጎሽ ሽንት ቤት በር ላይ ቆሞባት ግማሽ ቀን ውስጥ ተቀምጣለች። አንበሳ ግን ድምፁን ነው የምታውቀው። ደረቷ ድረስ የሚገባውን ያንን ድምፅ፣ ጠዋት ስትነሳ ደግሞ በድንኳኗ ዙሪያ የሻይ ሰሃን የሚያክል ኮቴ። በዓይኗ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንድም።

ውሸቱ እንዴት ተጀመረ? ንዴሺ የስድስት ዓመት ልጅ ሆና «እማ፣ አንበሳ አየሽ?» አለቻት። ማማ ንዴሺ ከአስር ቀን ሥራ ተመልሳ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ነበር። «አየሁ» አለች፣ ነገሩ እንዲያልቅ። አላለቀም። ልጅቷ ለጓደኞቿ ነገረች፣ ጓደኞቿ ለእናቶቻቸው። ኋላ ሥጋ ቤት በር ላይ ወንዶች ተከራክረው «ማማ ንዴሺ ትጠየቅ» ማለት መጣ። ተጠየቀች። ከፈረንጆቹ የሰማችውን ደርድራ መለሰች። ሲያዛጋ ታሳያለች፣ ሲነሳ የኋላ እግሩን እንዴት እንደሚዘረጋ ታሳያለች። ያን ማዛጋት ያየ ሰው ቢላዋውን ይዞ እንደቆመ ይቀራል። እንዲህ እንዲህ እያለ የንጋሬናሮ የአንበሳ አዋቂ ሆነች።

ጉልበቷ እምቢ ብሎ ሥራውን ስትተው የቆጫት ደመወዙ አይደለም። ሳላየው ልሞት ነው የሚለው ነው። ርካሽ ሳፋሪ ብላ ማኅበሩን ያስነሳችው ለዚህ ነበር፤ ከሰው መሃል ተቀምጣ፣ ማንም ሳያውቅባት፣ አንዴ ልታየው። አንዴ ካየችው ያ ሁሉ ወሬ ወደ ኋላ ተመልሶ እውነት ይሆንላታል።

እኛ ደግሞ ዕቅዷን አንድ በአንድ ገደልነው።

መጀመሪያ መታወቂያ። ለዜጋ ዋጋ መታወቂያ ያስፈልጋል ብላ ስምንት ጊዜ ተናግራለች። ግማሹ የጠፋበት ነው፣ ግማሹ ቁጥሩን ወረቀት ላይ የጻፈ ነው። ቢ ዙሁራ የሟች ባሏን ይዛ መጣች።

«ቢ ዙሁራ፣ ይሄ እኮ ወንድ ነው» አለቻት ማማ ንዴሺ።

«ዜጋ አልነበረም እንዴ?»

«ነበር። እርስዎ ግን እሱ አይደሉም።»

«አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ?»

ማማ ንዴሺ ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ ምግቡ። «እንቁላል?» አለች ማማ ዊትነስ፣ አፏ ውስጥ ፀጉር የገባ ይመስል። «ሰው መንገድ ወጥቶ ፒላው ካልበላ ወጣ ይባላል?» ስለዚህ ሕፃን የሚታጠብበትን የሚያክል ድስት ሙሉ የቅመም ሩዝ በሥጋ ተሠራ፤ ድስቱን የሚያሞቅ የከሰል ምድጃ ተጨመረ፤ ምድጃው ካለ ሻይም ይፈላል ተብሎ ማንቆርቆሪያ ተጨመረ። ማማ ዊትነስ ከሞሺ የመጣች እህቷን ጨመረች። ማማ ንዴሺ ደብተሯን እያገላበጠች «ወንበር፣ ወንበር» ትል ነበር፤ ሰሚ የለም።

ቀኑ ደረሰ። ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ማማ ንዴሺ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማለች፤ ሰማያዊና ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ምርጫ አጥታ። ባባ ኦምበኒ መሪው ላይ ተደፍቶ ያንኮራፋል። ሌላ ማንም የለም። አስራ ሁለት ሆነ። አንድ ሰዓት ላይ ሦስት ሴት መጣ። ማማ ዊትነስ የት ናት? ልብስ ሰፊው ቤት። እጅጌዋ ላይ የሚነፋው ነገር አልተነፋም።

ማማ ንዴሺ በእግሯ ልብስ ሰፊው ቤት ድረስ ሄደች። «ተይው፣ እጅጌ አያስፈልግም» አለቻት።

«ሊቀመንበር እጅጌ ሳይኖራት?» አለች ማማ ዊትነስ፣ እጇን እንደ መስቀል ዘርግታ እየተሰፋላት። «አንበሳው የትም አይሄድ።»

«ይሄዳል። እሱ እግር አለው፣ እኛ ነን የሌለን።»

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። አምስት ሰዓት በር ላይ ደረስን። መታወቂያ ሲፈተሽ፣ የሟቹ ታሪክ ሲነገር፣ ጠባቂው ስቆ ስቆ ሌላ ጠባቂ ሲጠራ፣ ስድስት ሰዓት ሆነ። ፀሐይዋ አናት ላይ። ማማ ንዴሺ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰዓቷን ባየች ቁጥር ጥርሷን ነክሳ ትተነፍስ ነበር።

ፓርኩ መልካም ነው፤ ስለሱ አላማርርም። የሜዳ አህያ አየን፣ ቀጭኔ አየን፣ ከባኦባብ ዛፍ ስር ቤተሰብ ሙሉ ዝሆን አየን። ማማ ንዴሺ ቆማ ታስረዳለች፤ ከኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግን አንድ ነው።

«ይሄ ይበላል?»

«አይበላም። እይው ብቻ።»

«ያኛውስ?»

«እሱም አይበላም።»

«ታዲያ ምን አለፋን» አለች የሞሺዋ እህት።

ወንዙን ይዘን ጥቂት እንደነዳን መጡ። መጀመሪያ አንድ፣ ማማ ዊትነስ እጅጌ ላይ፣ በሚነፋው በኩል። «ኧረ ይሄ ነገር…» ብላ በመሃረብ መታችው። አልሞተም። ተነሳና አንገቷ ላይ አረፈ። ከዚያ በየመስኮቱ ገቡ፤ የተጠሩ ይመስል፣ ሰርግ ቤት እንደሚገባ ዘመድ፣ እየተገፋፉ። ይነክሳሉ ማለት ያንሰዋል። መርፌ የተለማመደችባችሁን ነርስ አስታውሱ፣ እንደዚያ።

«መስኮት ዝጉ» አለች ማማ ንዴሺ።

ተዘጋ። ሃያ ሰባት ሴት፣ አንድ ድስት ፒላው፣ ቀትር ላይ፣ በተዘጋ ኮስተር። ላቡ በጀርባ ይወርዳል፣ ዝንቡ በውስጥ ቀርቷል። ቢ ዙሁራ በጫማዋ ከፊቷ የተቀመጠችውን ሴት ጀርባ ትመታለች፤ ሴትየዋ «ቀስ» ትላለች፤ ቢ ዙሁራ «አንቺን አይደለም» ትላለች።

«አውልቁት» አለች ማማ ንዴሺ።

«ምኑን?»

«ሰማያዊውን። ሌላ መድኃኒት የለውም።»

አንዷ ሳትስቅ ጀመረች፣ ሌላዋ ተከተለች። በትንሽ ጊዜ ውስጥ የንጋሬናሮ የሴቶች ማኅበር በውስጥ ልብስና በነጠላ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀመጠ፤ ቀሚሱ ሁሉ ከረጢት ውስጥ ታስሮ ወንበር ስር ገባ። ባባ ኦምበኒ መስታወቱን እንዲያዞር ታዘዘ።

«ካላየሁ እንዴት ነው የምነዳው?»

«ዝሆን ከኋላ ቀድሞህ አያልፍም፣ ንዳ» አለችው ቢ ዙሁራ።

ማማ ዊትነስ ብቻ አላወለቀችም። እጅጌው ወር ሙሉ የተለፋበት ነው።

«ነግሬሽ ነበር» አላለችም ማማ ንዴሺ። አንዴ ዞር ብላ አየቻት፣ በቃ። ማማ ዊትነስ እዚያ ላይ ቀሚሷን አወለቀች።

ምሳ መብያው ከወንዙ በላይ ጉብታ ላይ ነው፤ ከመኪና መውረድ የሚፈቀድበት ቦታ። ነፋሻ ስለሆነ ዝንቡ ቀረልን። ድስቱ ወረደ፣ ምድጃው ወረደ። ከሰሉን ለማያያዝ አራት ሴት ተሰልፎ እፍ ቢል ጭሱ ዓይን አጠፋ እንጂ አልያዘም። ማማ ንዴሺ መጀመሪያ ዘወር ብላ ተቀመጠች። «ዛሬ እንግዳ ነኝ» አለች። ግን እጅ ያለመደው ነገር አያርፍበትም፣ የለመደውን ደግሞ አያሳልፍም። ሩዙ ሳይሞቅ ሊወጣ ሲል ስታይ ተነሳች። ነፋሱን በድንጋይ ከለለች፣ ከሰሉን ደረደረች፣ ጎንበስ ብላ እፍ አለች። ያዘ።

እሷ ከድንጋዩ ጥግ ጎንበስ እንዳለች አንድ የሳፋሪ መኪና አጠገባችን ቆመ። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ለባባ ኦምበኒ «ከወንዙ ማጠፊያ በታች አንበሳ አለ፣ ሦስት ናቸው፣ ጥላ ስር» ብሎት ሄደ።

ሴቱ ተነቀለ። ጨርቁን በአንድ እጅ ይዞ ወደ ኮስተሩ የሮጠውን ሩጫ ብታዩት። ማማ ንዴሺ የሰማችው ሞተሩን ነው። ማማሰያውን እንደያዘች ከጥጉ ስትወጣ ኮስተሩ ተንቀሳቅሷል፤ የማማ ዊትነስ ጭንቅላት በመስኮት ወጥቷል።

«አንቺ ፒላውን ያዢልን፣ ጦጣ እንዳይወስደው። አንቺማ ስንቱን አይተሽ ጠግበሻል።»

«ቁሙ» አለች ማማ ንዴሺ። ሮጠች። በዚያ ጉልበት የምን ሩጫ። አቧራው ተነስቶ ተመለሰባት።

ጦጣዎቹ ከዛፉ ላይ ሆነው አዩዋት። አየቻቸው። ማማሰያውን ወረወረችባቸው፤ ሄዳ አነሳችው፣ አጠበችው፣ ተመልሳ ድስቱን አማሰለች። ሌላ ምን ታደርጋለች? እንግዶቹ ሄደዋል፣ ምግቡን የሚጠብቅ እሷ ናት። ይሄን ሥራ ታውቀዋለች።

ከሰዓት በላይ ቆይተን ተመለስን። ሁሉም ባንዴ ነው የሚያወራው። «እንደነገርሽን ነው፣ ይተኛል።» «ሆዱን ገልብጦ፣ ያለ ኀፍረት።» «አንዷ ተነስታ አየችን፣ ቢ ዙሁራን ነው ያየችው፣ እድሜዋን ገምታ ተወቻት።» የሞሺዋ እህት አፏን ከፍታ ማዛጋቱን አሳየች። ማማ ዊትነስ ገፋ አደረገቻትና «ተይ፣ የማማ ንዴሺ ይሻላል» አለች። «እውነቴን ነው፣ ከራሱ ከአንበሳው ያንቺ ይሻላል።»

ማማ ንዴሺ ፒላውን እያወጣች ነበር። ሰሃኑን ስታስቀምጥ ቋ ያደርጋል። አንዷ ቀመሰችና «ሥጋው ትንሽ አልጠነከረም?» አለች።

«አላየሁም» አለች ማማ ንዴሺ።

«ሥጋውን?»

«አንበሳ። አላየሁም። በሕይወቴ አንድም አንበሳ አላየሁም።» ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ተከለችው። «ወጥ ቤት ነበርኩ። እነሱ ሲሄዱ እኔ ድንች እልጣለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ድንች ነው ያየሁት። የነገርኳችሁን ሁሉ ፈረንጅ ነው የነገረኝ። ዛሬ ልየው ብዬ ነው ይሄን ሁሉ ያለፋኋችሁ፣ ንጋት ተነሱ ያልኩት፣ ሰማያዊ ይቅር ያልኩት። እናንተ አይታችሁ መጣችሁ፣ እኔ ድስት ጠበቅኩ። ብሉ አሁን።»

አፉ ሙሉ የሆነ ሰው ሁሉ ማኘክ አቆመ።

«ሥጋ ቤቱ ጋ ያዛጋሽውስ?» አለች አንዷ በቀስታ።

«ውሸት።»

«የኋላ እግሩን ሲዘረጋስ?»

«ከፎቶ ነው።»

ቢ ዙሁራ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኔ እንኳ በባሌ መታወቂያ ነው የገባሁት» አለች። ማጽናኛ መሆኑ ነው።

ማማ ዊትነስ ሰሃኗን መሬት አስቀመጠች። እጇን ታጠበች። አገጯ ወደ ላይ ወጣ። «ባባ ኦምበኒ፣ ተነስ።»

«ማማ፣ አሁን ገና እየበላሁ ነው። በሩ አስራ ሁለት ላይ ይዘጋል።»

«ተዘግቶ አይበላህም። ተነስ አልኩ።»

ኮስተሩ ውስጥ ማማ ንዴሺን መስኮት ዳር አስቀመጠቻት። «ተከፍቶ ነው የምታይው፣ በቆሸሸ መስታወት አይደለም» አለች።

«ዝንቡ ይገባል እኮ።»

«ይግባ።» ከረጢቱን ፈታች፣ ሰማያዊ ቀሚሷን አወጣች፣ በእጅጌው፣ በሙሉው፣ ለበሰችው። መጨረሻ ወንበር ሄዳ የኋላውን መስኮት ከፈተችና ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። «አንቺ አይደለሽ ሰማያዊ ይወዳል ያልሽው? ይኸው፣ ይምጣ።»

መጣ። እንዳለ ወደሷ ሄደ። መንገዱን ሙሉ ከኋላ ጥፊ ይሰማል፣ የራሷን ክንድ የምትመታው። «ይሄ አንዱ… ወይ አንቺ ማማ ንዴሺ… ይሄ ደግሞ ሁለት… ሃያ ሁለት ዓመት ዋሽታን… እዚህም ገባ… ካላየሽ ግን እኔ ነኝ የምበላሽ…» ከፊት በኩል አንዲት ዝንብ አልነበረችም።

ማጠፊያው ጋ ደረስን። ጥላው ስር ማንም የለም። ሣሩ ተጋድሟል፣ ያ ብቻ። ባባ ኦምበኒ ሞተር አጠፋ። ከኋላ ያለው ጥፊ እንኳ ቀነሰ። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ሣሩን ሁሉ አንድ ቀለም አድርጋዋለች። ማማ ንዴሺ በሁለት እጇ መስኮቱን ይዛ፣ ዓይኗን ሳትጨፍን፣ ያንን ቢጫ ሣር ከዳር እስከ ዳር ታየዋለች፤ ሩዝ ስትለቅም እንደምታየው።

«እዛ» አለች።

«የታል?»

«ከቁጥቋጦው በስተግራ። ዝም በሉ።»

ያየን አየን፣ ያላየን አላየንም። ከሣሩ በላይ ሁለት ክብ ነገር፣ ጀርባው ጠቆር ያለ። ማማ ንዴሺ አፏን ከፍታ ቀረች። አላዛጋችም። ሾርባ ቀዝቅዞ ለመጠጣት እስኪደርስ ያህል ጊዜ እንዲህ ቆየች።

ከኋላ የማማ ዊትነስ ድምፅ መጣ፤ ከንፈሯ አብጦ ቃሉ ወፍሯል። «ግንድ ነው» አለች።

ባባ ኦምበኒ ሰዓቱን አየና ሞተሩን አስነሳ። በሩን ለጥቂት ደረስንበት።

በማግስቱ ንጋሬናሮ ለሁለት ተከፈለ። ውሸቱ ማንንም አላስቆጣም፤ ሥጋ ቤቱ ጋ ያሉት ወንዶች እንኳ «እና ያ ሁሉ ማዛጋት ከራሷ ነው?» ብለው የበለጠ አከበሯት። ጠቡ ያየነው የአንበሳ ጆሮ ነው ወይስ ግንድ የሚል ነው። ቢ ዙሁራ ጆሮ ናት፣ ያለ መነጽሯ። የሞሺዋ እህት ግንድ ናት፣ ሞሺ ሆናም ስልክ ትደውላለች። ማማ ዊትነስ ሳምንት ሙሉ ክንዷ ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጋ ተቀምጣ «ለግንድ ነው እንዲህ የሆንኩት» ትላለች፣ ማማ ንዴሺ ግን በየቀኑ ዳቦ ትወስድላታለች፤ ያንን በቆርቆሮ ሳጥን የሚጋገረውን። ስትሰጣት ይጨቃጨቃሉ፣ ስትቀበላት ይጨቃጨቃሉ።

ትናንት እኔም ይሄን ጽፌ ላነብላት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ባቄላ ትፈለፍላለች። ሳነብ ባሏ ጋ ስደርስ «ይሄን ማን ጠየቀሽ» አለች። ጀርመናዊው ጋ ስደርስ «አልቅሷል አልኩሽ» አለች። ድንቹ ጋ ስደርስ መፈልፈሏን አቆመች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

«እና በምን ጨረስሽው?»

«አልጨረስኩም። ጆሮ ነው ወይስ ግንድ የሚለው ቀርቷል። ሰው ይጠይቃላ።»

«አንቺ ከኋላዬ አልነበርሽም እንዴ?»

«የማማ ዊትነስ እጅጌ ከልሎኝ ነበር።»

ባቄላውን ከጭኗ ላይ አራገፈች። «ግንድ ዝንብ አያባርርም። እሱ ግን አንዱን አባረረ፣ በግራው፣ እንዲህ አድርጎ። ጆሮ ነው። ሁለት ነው። ያንን ጻፊና እስክሪብቶውን አስቀምጪ፤ ከዚህ ወዲያ አንድ ቃል እንዳትጽፊ።»